የስድስቱ ሻንጣዎች ፈተና

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ፣ እዚህ ዓረብ አገር ሙዓይዘር በሚባለው ሰፈር ወደ ጋሽ ዩኑስ ሱቅ ስገባ ዮዲትን እዚያው አገኘኋት። ዮዲት በአውሮፕላን ማረፊያው የሻንጣ ማጓጓዣ ማሽኖችን የምትከታተል ኢንጂነር ናት፤ ጋሽ ዩኑስ ደግሞ ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ በመሸጥ አሥራ አምስት ዓመት የኖሩ አዛውንት ናቸው። ከማዶ የሚያብረቀርቅ ሻንጣ የሚሸጥ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ገበያቸው ስለ ቀዘቀዘ፣ በወሩ መጨረሻ ሊዘጉ ወስነው ነበር። ሲነግሩን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሻንጣ ከማዶው ይበልጣል?» አለች ዮዲት።

«ወላሂ ይበልጣል!»

«የማዶውም ነጋዴ ይምላል። ገዢ የማንን መሐላ ይመን?»

«ታዲያ የሰው ዕቃ ላጣጥል ልጄ? ሐሜት ሐራም ነው።»

«ማማት ሌላ፣ መመዘን ሌላ ነው። ከሁለቱም ሱቅ ሦስት ሦስት እንውሰድ፤ አንድ ብቻ ብንፈትን በዕድል ሊተርፍ ይችላል። እኩል ሠላሳ ኪሎ ሩዝ ጭነን በዚህ በደጃፉ ደረጃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል እንጎትታቸው።»

«የኢንጂነር ነገር! ሻንጣ ደግሞ ፈተና ይቀመጣል?» ብለው ሳቁ፤ ግን ተስማሙ።

መሐላን እንደ ማስረጃ መቁጠር የነጋዴዎቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ መሐላ ግን ጎማ አያጠነክርም። ጉተታው በአብዛኛው ለእኔ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን የማዶዎቹ ጎማ ሃያ ምልልስ ሳይሞላ ሲወልቅ፣ የጋሽ ዩኑስ ሦስቱም ስድሳ አለፉ። ይሁን እንጂ ከእሳቸው የሁለቱ ዚፕ ተበጠሰ፤ የማዶዎቹ ዚፕ አንዱም አልተነካም።

ዮዲት ውጤቱን ለገዢ በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ልታሰፍር ስትል፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ጎማውን ጻፊ፤ ዚፑን ተዪው» አሏት።

«ዚፑን ከተውነው ጋሼ፣ ጎማውንም የሚያምነን የለም።»

«እሺ፣ ጻፊው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፤ ወረቀቱንም በገዛ እጃቸው በሩ ላይ ለጠፉት።

በማግስቱ አል ገራፋ በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ የሆነች መድና የምትባል ልጅ መጥታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ጋሼ፣ ዚፑ ይበጠሳል ብለው እርስዎ ራስዎ ለጠፉት?»

«አዎ ልጄ።»

«አምና ‹ወላሂ አይሰበርም› ብለው የሸጡልኝ ሌላ ዓይነት ሻንጣ፣ ከአሠሪዬ ከማዳም ቤት በር ሳልወጣ ጎማው ወለቀ። ጉድለቱን ያልደበቀ ወረቀት ግን አምናለሁ፤ ይሄንን ይስጡኝ፤ ዚፑን በገመድ አስረዋለሁ።»

ጓደኞቿንም ይዛ ተመለሰች፤ ሱቁ አልተዘጋም። ዕቃን ከተፎካካሪ ጋር በእኩል መዝኖ መናገር ገዢ ያመጣል፤ የራስን ጉድለት መጻፍ ደግሞ ጉድለቱን ለማረም ያስገድዳል። ጋሽ ዩኑስም ከአስመጪው ዚፑ የጠነከረ ሻንጣ አዝዘዋል። ዛሬ ገዢ ሲጠራጠር አይምሉም፤ ወረቀቱን ያሳያሉ።