የዳማው ፈረስ ሳንባ ይከፈትልኝ

የቃል ሰጪ ስም፦ ዶ/ር ዊንታ ክፍሎም
ዕድሜ፦ 28
ሥራ፦ የእንስሳት ሐኪም
አድራሻ፦ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ሥላሴ አካባቢ
ቀን፦ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡10 ሰዓት

ፈረስ ገድለሻል በሚል የቀረበብኝን አቤቱታ ሰምቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ የእሪ በከንቱ ነዋሪው፣ የፈረሱ ባለቤት አቶ እምሩ ወልደገብርኤል ደውለው "ዳማው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ቶሎ ነይ" አሉኝ። በእግሬ ሮጬ 1፡20 ደረስኩ። ፈረሱ እየዞረ ሆዱን ያይ ነበር። በጥምቀት ጃንሜዳ ሲውል ሰው ሁሉ ዳቦና ሽምብራ እንዳጎረሰው ባለቤቱ ነገሩኝ። ፈረስ ያልለመደውን እህል በአንዴ ከበላ ሆዱ ይታሰራል፤ አምናም ነግሬያቸው ነበር።

የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። ከዚያ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቼ፣ ጨጓራው መድረሱን አረጋግጬ አንጀት የሚያለሰልስ የመድኃኒት ዘይት፣ ፓራፊን፣ አፈሰስኩ። ጎረቤቶች "በአፍንጫው ዘይት ስታጠጣ አይተናል" ማለታቸው እውነት ነው፤ አልክድም። 2፡30 ላይ ፈረሱ ፋንድያ ጣለ፣ ተረጋግቶም ቆመ። "ቀስ እያላችሁ አንሸራሽሩት፤ እኔ ሳልመጣ በአፉም በአፍንጫውም ምንም እንዳትሰጡት" ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ጽጌማርያም ቆመው ይሰሙ ነበር።

4፡00 ሰዓት ላይ ወ/ሮ ጽጌማርያም ደውለው "ኧረ ድረሺ፣ ትንፋሽ አጠረው!" አሉኝ። ስደርስ የፈረሱ ራስ ከበሩ ጉበን ጋር በገመድ ተወጥሯል፤ ከአፍንጫው አረፋና ነጭ ሽንኩርት የሚሸት የምግብ ዘይት ይወርዳል። ፈረሱ ዳግም ስለተኛባቸው አቶ እምሩ አስነስተው ዘይቱን በጠርሙስ አፍስሰውበታል። ገመዱን ቆርጬ ራሱን ዝቅ አደረግኩ። 4፡25 ላይ ሞተ።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?" ስላቸው "አንቺ ስታጠጪው ሕክምና፣ እኛ ስናጠጣው ኃጢአት?" አሉኝ። "የኔ በቱቦ ሆዱ ገብቷል፤ የእርስዎ ሳንባው ውስጥ ነው" አልኳቸው። "በመርፌ ገደለችብኝ" ብለው ሰፈሩን ሰብስበው፣ ቦርሳዬን ነጥቀው ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ አመጡኝ። አንዱ ፒያሳን እስክናልፍ "ፈረስ ገዳይ! ዘራፍ በይ እንጂ!" ሲለኝ ነበር። ከ5፡00 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ።

ሳንባው በሌላ ሐኪም እጅ እንዲከፈት እጠይቃለሁ። የኔ ፓራፊን ቀለምም ሽታም የለውም። ሳንባው ውስጥ እሱ ከተገኘ የሥራ ፈቃዴን ዛሬውኑ አስረክባለሁ። ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ ግን ስሜ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ይመለስልኝ። ሬሳውን የሚያነሳው መኪና 9፡00 ሰዓት ይመጣል ተብሏል።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ዊንታ ክፍሎም፣ 8፡35 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ኢንስፔክተር አቡበከር ኢስማኤል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ መኪናው እንዲጠብቅ ተደውሏል፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። 8፡40 ላይ ቃል ሰጪዋን ይዤ ወደ ስፍራው ወጥቻለሁ።