ይህን መጽሐፍ ይከልክሉልኝ

ሐሙስ ከሰዓት፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገረመው ቢሮ ቆልፈው ሊወጡ ሲሉ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ውብዓለም መጻሕፍት ታቅፋ በሩ ላይ ትይዛቸዋለች።

ውብዓለም፦ ይቺን ደግሞ ይከልክሉልኝ፣ ጋሽ ገረመው።

ገረመው፦ ምን አልሽ?

ውብዓለም፦ ይከልክሉልኝ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይኩን እንደያዙ፣ «ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ያገኘሁትን ተማሪ ወላጅ አስጠራዋለሁ» ይበሉልኝ። ሌላ አላስቸግርዎትም።

ገረመው፦ እስቲ ልየው። «የቀበና ማዶ ጓደኛሞች»። ይሄ እኮ ጥሩ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ባለፈው ወር እኔው ራሴ አይደለሁ እንዴ አንብቡ ያልኩት?

ውብዓለም፦ እሱ ነዋ ችግሩ። ከዚያ በፊት ሁለት ሴት ልጆች እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር። እርስዎ ሰልፍ ላይ ሲያመሰግኑት ሰምተው በዕረፍት ሰዓት መጥተው መለሱልኝ። አንደኛዋማ ያፈረች ትመስል ነበር።

ገረመው፦ እኔ ስላመሰገንኩት?

ውብዓለም፦ እስከዚያ ድረስ የራሳቸው መጽሐፍ ነበረ። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ ሆነባቸው።

ገረመው፦ ተይ እንጂ ውብዬ። ለወጣት መጽሐፍ መምረጥ እኮ ዛሬ የጀመርኩት ሥራ አይደለም። ወላጆችን ጠይቂ፣ ይመሰክራሉ።

ውብዓለም፦ ወላጆችማ ይመሰክራሉ። እንዲያነቡ የምንፈልገው ግን ልጆቹን ነው።

ገረመው፦ ሌላ መንገድ ይጠፋል? ላነበበ ምስክር ወረቀት እንስጥ።

ውብዓለም፦ አምና ሰጠን። ወረቀቱን ወሰዱ፣ መጽሐፉን ተዉት። አሁን ጊዜ የለኝም፣ ጋሽ ገረመው። ሰኞ ከክፍለ ከተማ ሰዎች ይመጣሉ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። «ሰው የማይገባበት ክፍል ካገኙ ለወንበር ማከማቻ ያደርጉታል» ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ያንን ክፍል እኮ እኔና ልጆቹ ነን ቀለም የቀባነው። መጋረጃውን ቤቴ ወስጄ ነው የሰፋሁት። እግሩ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣሪያው ተቆልሎበት ላየው አልችልም። ስለዚህ እስከ ሰኞ ሰው ሊሞላልኝ ይገባል፣ ሰው የሚሞላልኝ ደግሞ እርስዎ ሲቆጡ ነው።

ገረመው፦ ይሄን ደግሞ ከምን ተነስተሽ ነው?

ውብዓለም፦ ከ«ስድስተኛው ፌርማታ»።

ገረመው፦ የዚያን ቆሻሻ መጽሐፍ ስም አታንሺብኝ።

ውብዓለም፦ አቤት ያን ቀን እንዴት ተቆጡ። መጽሐፉ ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከታክሲ ረዳት ጋር ፍቅር ያዛት ብለው ተማሪውን በሙሉ ፀሐይ ላይ አቆሙት። በመጨረሻ ላይማ፣ «በተለይ ገጽ ሰማንያ ሁለትን እንዳትነኳት» አሉ።

ገረመው፦ ማስጠንቀቂያ ግልጽ መሆን አለበት።

ውብዓለም፦ በጣም ግልጽ ነበር። ሰልፉ ሳይበተን እኔ በር ላይ ሌላ ሰልፍ ተጀመረ። የሒሳብ መምህሩ ክፍሉ ባዶ ሲሆንበት ልጆቹን ሊወስድ መጣና እሱም ተራ ያዘ። የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው «እስቲ ላጣራው» ብለው ወሰዱት፤ አምጡ ስላቸው ገና አጣርቼ አልጨረስኩም ይሉኛል። ሲመለስ ያያሉ፤ መጽሐፉ ሲያስቀምጡት ራሱ ሰማንያ ሁለት ላይ ነው የሚከፈተው።

ገረመው፦ እኔስ ለማጣራት አይደል ያነበብኩት?

ውብዓለም፦ ሁለት ጊዜ?

ገረመው፦ ጥንቃቄ ነዋ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ረዳቱ በመጨረሻ የማታ ትምህርት ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል። ልጅቷም ብትሆን ማትሪኳን አለፈች።

ውብዓለም፦ ታዲያ መጥፎው ነገር ምኑ ላይ ነው?

ገረመው፦ ገጽ ሰማንያ ሁለት ላይ።

ውብዓለም፦ እሺ።

ገረመው፦ ቆይ፣ እኔ የመረጥኩት ሁሉ አልተነበበም አትበይኝ። «የታታሪው ወጣት ጎዳና»ን ግማሽ ትምህርት ቤቱ አንብቦታል።

ውብዓለም፦ ያነበቡት አርፋጆች ናቸው። አርፍዶ የመጣ በሩ ላይ ቆሞ አሥር ገጽ ያንብብ ብለው አዘዙ። ድሮ ሣር ነበር የሚያጭዱት። ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሣሩ ይመለስልን» ብሎ ለመነኝ።

ገረመው፦ ማርፈድ ግን ቀንሷል።

ውብዓለም፦ ቀንሷል። መጽሐፉን ፈርተው ነው። ደራሲው ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ገረመው፦ ደራሲው የባለቤቴ ወንድም ነው።

ውብዓለም፦ እ።

ገረመው፦ ያን ሁሉ ኮፒ ያስገዛሁት ግን ለዚያ አይደለም።

ውብዓለም፦ እኔ ምን አልኩ?

ገረመው፦ ዓይንሽን አይቼዋለሁ። በይ እሺ፣ አንዷን እከለክልልሻለሁ። አንዷን ብቻ። ከልካይ ዳይሬክተር መባልም አለ እኮ፤ ስሜን ማሰብ አለብኝ።

ውብዓለም፦ በአንድ መጽሐፍ ክፍሉ አይሞላም። ቢያንስ እነዚህን አራቱን።

ገረመው፦ ከሥር ያለው ምንድነው? ስጪኝ እስቲ። ይህን ከየት አወጣሽው?

ውብዓለም፦ ከላይኛው መደርደሪያ። «የፉርጎው ልጆች»።

ገረመው፦ የእኔ ነው እኮ ይሄ።

ውብዓለም፦ አውቃለሁ፣ ስምዎ ተጽፎበታል። እዚህ ትምህርት ቤት እንደመጡ የሰጡን ነው።

ገረመው፦ ስንት ልጅ አነበበው?

ውብዓለም፦ ይተዉት፣ ጋሽ ገረመው።

ገረመው፦ ጠየቅኩሽ።

ውብዓለም፦ ማንም አላነበበው።

ገረመው፦ በየዓመቱ መስከረም ላይ የምናገርለትን?

ውብዓለም፦ በየዓመቱ የሚሉት፣ «ይህ መጽሐፍ ትዕግሥትን፣ ሰዓት አክባሪነትንና የባቡር ሐዲድ ለአገር ያለውን ጥቅም ያስተምራል» ነው። ልጆቹ ምን ያድርጉ? እኔ ራሴ እኮ ስለ ሐዲድ ጥቅም የሚያወራ መስሎኝ...

ገረመው፦ መስሎሽ ምን?

ውብዓለም፦ ምንም። ይቀጥሉ።

ገረመው፦ እኔ አንባቢ የሆንኩት በዚህ መጽሐፍ ነው፣ ታውቂያለሽ? የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ይዤ ሳነብ መምህሩ ቀሙኝ። ልቤ ተሰቅሎ፣ መጨረሻው ላይ ልደርስ ስል። ለስንት ቀን እህል አልበላልኝ አለ። መምህሩ ደግሞ ራሳቸው አንብበው ሲጨርሱ ነው የመለሱልኝ። እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ውብዓለም፦ አዩ? ተከልክለው ነበር።

ገረመው፦ አትቀልጂ።

ውብዓለም፦ አልቀለድኩም። ይህንንም ነገ ይከልክሉት።

ገረመው፦ ሌሎቹን እንዳልሽ። ይህን ግን ሰው ፊት ቆሻሻ ነው ልበለው? አፌ እሺ አይለኝም።

ውብዓለም፦ ይሞክሩት እስቲ። እኔን እንደ ተማሪ ይቁጠሩኝ። ይኸው ቆሜያለሁ።

ገረመው፦ እሺ። ውድ ተማሪዎች። ይህ መጽሐፍ... ይህ መጽሐፍ አደገኛ ነው። አንድ ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ የሚሄድበት ነው።

ውብዓለም፦ ጥሩ ነው። ትንሽ ቆጣ ይበሉ።

ገረመው፦ ሞጆ ላይ የዕቃ ባቡር ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ያለ ቲኬት። ይህ ሕገ ወጥነት ነው። የገባበት ፉርጎ ደግሞ በርበሬ የተጫነበት ነው፤ ጆንያ በጆንያ ላይ። እዚያ ውስጥ አንዲት ልጅ ቀድማው ተደብቃለች፣ ዘርፌ የምትባል። ድሬዳዋ አባቷን ፍለጋ ነው የምትሄደው። አባቷ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው። ፊቱን አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው ፉጨቱን ብቻ ነው።

ውብዓለም፦ የምን ፉጨት?

ገረመው፦ ሕፃን ሆና ሲያባብላት የሚያፏጭላትን። ስከለክል አታቋርጪኝ። እና ባቡሩ አዋሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። ቀትር ነው። ፉርጎው እንደ ምድጃ ግሏል፣ በርበሬው ከሙቀቱ ጋር አፍንጫ ይሰነጥቃል። ዘበኞች መጡ፤ አንድ በአንድ እየከፈቱ ይፈትሻሉ። አንዱ በር ሲንጓጓ ይሰማቸዋል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እየቀረበ። ልጁን ማስነጠስ መጣበት። አፍንጫውን ጨምቆ ያዘ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አልቆም አለው። ዘርፌ ነጠላዋን ጠቅልላ አፉን አፈነችው። በራቸው ተከፈተ። ዘበኛው አንገቱን አስገባና ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ይሄኔ ከውጭ፣ በሐዲዱ ዳር፣ አንድ ሰው እያፏጨ አለፈ። ፉጨቱ ያ ፉጨት ነው። ዘርፌ ነጠላውን ለቀቀችው።

ውብዓለም፦ እንዴ። ልጁስ?

ገረመው፦ ልጁስ ምን?

ውብዓለም፦ ጋሽ ገረመው፣ ልጁስ? አስነጠሰ?

ገረመው፦ ውብዓለም፣ አንቺ ይህን መጽሐፍ አላነበብሽውም።

ውብዓለም፦ እኔ... ያው ያውቁታል፣ ሥራ ይበዛብኛል።

ገረመው፦ ሰው በማይገባበት ክፍል ውስጥ?

ውብዓለም፦ ስለ ሐዲድ ጥቅም ነው ብለውን ነዋ። ይልቅ ይንገሩኝ፣ ያፏጨው አባቷ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው?

ገረመው፦ የሚገርም ነው። ስንት መስከረም ትምህርቱን ብቻ ስናገር ኖሬ፣ ታሪኩን አንድ ቀን አልነገርኳቸውም።

ውብዓለም፦ ነገ ይንገሯቸዋ። ልክ አሁን እንዳሉት፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ። ነጠላውን ስትለቀው ያቁሙና «እንዳታነቡት» ብለው ይውረዱ። ሰኞ የክፍለ ከተማ ሰዎች መቀመጫ ካገኙ ምን አለች ይበሉኝ። አሁን መጽሐፉን ይስጡኝ፣ ወደ መደርደሪያው ልመልሰው።

ገረመው፦ ለመደርደሪያው ከሆነ ቦርሳሽን ለምን ከፈትሽ?

ውብዓለም፦ ለዛሬ ብቻ ነው። ቤት ወስጄ ያቺን ቦታ ልያትና፣ ነገ ከሰልፍ በፊት አመጣዋለሁ።

ገረመው፦ አይሆንም፣ ወይዘሮ ውብዓለም።

ውብዓለም፦ ለምን?

ገረመው፦ ክልክል ነው።