ያልወደቀው ሄልሜት

ኬልቪንዬ፣ ዛሬ እንኳ ዝናቡ ራርቶልናል። እንደ ትናንቱ ቢያወርደው ኖሮ መንገዱ ሁሉ ሳሙና ይሆን ነበር። ተጎታቹ ላይ ያሉትን ብስክሌቶች በደንብ አሰርካቸው አይደል? እኔ እንግዲህ ዛሬ ከክለቡ ቤት ወጥቼ አብሬህ ተራራው ጫፍ ድረስ የምሄደው አየር ልቀበል ብዬ ነው። ሌላ ምንም ጉዳይ የለኝም። አንተ መንገድህን እያየህ ንዳ፣ እኔ ላውራ። ወሬ ዳገት ያሳጥራል።

ከኋላ ያላችሁትስ ተመቻችሁ? መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ወንድማችን የሄልሜቱ ማሰሪያ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ተበጠሰበት። መጥቶ ሲጠይቀኝ «ግሌኒስ እያለችልህ? ዝም ብለህ ተሳፈር» አልኩት። የክለቡን የውሰት ሄልሜት መደርደሪያ የምጠብቀው እኔ አይደለሁ? አንድ ይዤለታለሁ፣ ይኸው ከረጢቱ ጭኔ ላይ ነው። ጫፍ ስንደርስ እሰጠዋለሁ።

ምን እያልኩ ነበር… አዎ፣ ስለ ምክር። ይቺ ከተማችን ደርቢ የቆርቆሮ ማዕድኗ ካለቀ ወዲህ ምን እንደሚወጣባት ታውቃለህ? አስተያየት። አንዱ ጎማ ሰፊ ካልሆነ ይላል፣ ሌላው ሰፊ ጎማ የሰነፍ ነው ይላል። አንዱ አሞርዛቶሩ ይለስልስ ይላል፣ ጎረቤቱ ይጠንክር ብሎ ሰላምታ ይነሳዋል። አንተስ ብትሆን የጉልበት መከላከያ ያልበኛል ብለህ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበትህን ስትልጥ ከርመህ የለ? ባለፈው የክለቡ ቋሊማ ጥብስ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በፍሬን ዘይት ተጣልተው ቋሊማው አረረ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አዋቂ መሃል አንድ ሰው አለን… ስማቸውን አልጠራም፣ ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እሳቸው ልበላቸው። እዚህ አገር ሐኪሙንም ዳኛውንም አንተ ነው የምንለው። ሊቅ ግን በአንተ አይጠራም።

እሳቸውማ ምን የማይመዝኑት ነገር አለ? ጓንት ገዝተው ቀጥታ ወደ ኩሽና ሚዛን። ፔዳል ገዝተው ወደ ሚዛን። ስለ አንዲት ብሎን ኢንተርኔት ላይ ሁለት ገጽ ጽፈዋል፤ እኔ ባሌን ስቀብር ያነበብኩለት ግማሽ ገጽ ነበር። «ይህ ፍሬን ያናግረኛል» ብለውም ጽፈዋል። እኔ ፍሬን የሚያናግረው ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሳቸውን ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል አይደል? እሳቸው ያንን ሁሉ ቁልቁለት እያስተማሩ ሲወርዱ የዚህን ጫካ ዝንብ ጨርሰውልናል። ለክለቡ ትልቅ አገልግሎት ነው፣ ማን አመሰገናቸው?

ጀግናም ናቸው። በጋው ማለቂያ ላይ፣ ያቺ ከድልድዩ በታች ያለችው ጥቁር ቋጥኝ ላይ በራሳቸው ተተከሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራውን አራግፎ ቤቱ ይገባል። እሳቸው ግን ጻፉ። በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ልበልልህ፦ «ቋጥኙን በግራ ጎኔ መታሁት፣ ሄልሜቱ ከውስጥ ተሰነጠቀ፣ እኔ ግን እየሳቅሁ ተነሣሁ። አምስት ኮከብ።» ፎቶግራፍም አለው። ከግራ ጆሮ በላይ አንዲት ጭረት አለች፣ የዓሣ መንጠቆ የመሰለች። ከሥሩ ደግሞ ምክር አኖሩ፦ «አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል። መጣል ነው።» እንዴት ያለ የወርቅ ቃል ነው። ከነፎቶግራፉ አሳትሜ ከመደርደሪያው በላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

በወሩ ስጦታ መጣልን። እሳቸው ሲሰጡ ቀኛቸው ያደረገችውን ግራቸው አታውቅም… ግራቸው ትቅርና ጭንቅላታቸውም ረስቶታል። ለውሰት መደርደሪያው አንድ ጥቁር ሄልሜት፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ በግራ ጎኑ የክለባችን ስቲከር የተለጠፈበት። ያቺን «ጭንቅላት መለዋወጫ የለውም» የምትለዋን። ካርድም ነበረው፣ በእጃቸው ጽሑፍ፦ «አንድም ቀን አልወደቀም።» አጨበጨብንላቸው። አንተም አጨብጭበሃል፣ አስታውሳለሁ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ይሏታል ነው የሚባለው። ሊጥሉት ያሰቡትን ሄልሜትስ ምን ይሉታል? እኔ እንጃ ኬልቪን፣ አንተ የመሰለህን በል።

እህቴን ብሮንዊንን መቼም ዳቦዋን በልተህ ነው ያደግከው። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ብስክሌት ካልተማርኩ ስትል ሁላችንም ሳቅንባት። እሷ ግን የጉልበቱንም የክርኑንም መከላከያ አድርጋ፣ ልክ ወደ ጦርነት እንደምትሄድ፣ ሄልሜት አምጪ አለችኝ። ከመደርደሪያው የመረጥኩላት እኔ ነኝ። «ይቺን እሰሪ፣ ይቺ ወድቃ አታውቅም» ብዬ አገጯ ሥር የቆለፍኩት በዚህ እጄ ነው። ክረምቱ ሲገባ ያቺ ቀላሏ መንገድ ላይ ተንሸራተተች። አሥራ አንድ ቀን ላውንስስተን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ፣ ደህና ሄልሜት ቢሆን ኖሮ ራስ ምታት ይዛ ቤቷ ትገባ ነበር አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። ትሄዳለች፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። ማሽተት ብቻ ነው የቀረባት። ዳቦ ጋጋሪ… ዳቦው ሲያርር ጢሱን በዓይኗ ካላየች አታውቅም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለካ ይኼ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳትሰማኝ ገብቼ ሊጡን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆማ አየኋት። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል፣ ይቅር በለኝ።

እሳቸውም አልረሷት። አበባ ይዘው ሆስፒታል ድረስ መጡ፣ ሽታው ክፍሉን የሞላ አበባ። ከዚያ ስለ እሷም አስተያየት ጻፉ። ብሎን ያላመለጣቸው እሷ እንዴት ታምልጣቸው? «ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፣ የጣቶቿ ነው። የፊቱን ፍሬን አብዝታ ይዛዋለች» አሉ። እሷም አመነች። ሊቅ ከተናገረ ማን ይከራከራል? ብስክሌቷን ለአክስታችን ልጅ ሰጠች። ደንበኛ በጠየቃት ቁጥር «የኔው ጅልነት ነው» እያለች ትስቃለች። አፍንጫዋ መሄዱ ያነሰ ይመስል፣ ጥፋተኛነቱንም አሸከሟት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ሄልሜቱ ከሆስፒታል በላስቲክ ተጠቅልሎ ተመለሰልኝ። ስቲከሩ ጫፉ ተነሥቷል፤ እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም፣ ታውቀኛለህ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እኔ ግን ዓሣውንም ዘንዶውንም አላገኘሁ… መንጠቆውን ነው ያገኘሁት። ከግራ ጆሮ በላይ፣ በጥቁር የጫማ ቀለም የተዳፈነ። ሄጄ ግድግዳው ላይ ከለጠፍኩት ፎቶግራፍ ጋር አስተያየሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም… ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ሌላው ከአፌ አልወጣም።

ለማንም አልተናገርኩም። ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ። ስለ ብሎን ሁለት ገጽ የጻፈ ሰው ለብሮንዊን አንድ መስመር ያጣል? «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» ሦስት ቃል ናት። ምናልባት ሚዛናቸው ላይ ስላልወጣች ይሆናል። ትናንት ኢንተርኔት ላይ ገብቼ አየሁላቸው። ስለ አዲስ መነጽር ጽፈዋል፤ ጭጋግ አይዘውም፣ ሁሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል ይላሉ። ደስ አለኝ። ማየት ከጀመሩ…

ደረስን እንዴ? እዚህ ጋ አቁም፣ ጭቃው እንዳይዝህ። ምነው ከኋላ ሁሉም ዞሮ መጨረሻውን ወንበር ያያል? ዳገቱ አንገት ያዞራል መሰለኝ። በል ኬልቪንዬ፣ ይህችን ከረጢት ለመጨረሻው ወንበር፣ ለወንድማችን አሻግርልኝ። ጥቁር ናት፣ ወልውዬለታለሁ። ስቲከሩንም በቦታው፣ በግራ በኩል መልሼ ለጥፌዋለሁ። ካርዷም ውስጧ አለች። ካላማረችው ግን አይጨነቅ፣ ቫኑ ባዶውን ነው የሚመለሰው። በዳቦ ቤቱ በር በኩል ነው የምናልፈው፣ ብሮንዊንም እስከ ማታ አለች።

የለም፣ ቁልቁለቱ ይሻለኛል ካለ ደግሞ ምርቃቴን አድርስልኝ። ይህችን የለገሱን ሰው ለሌላው ራስ እንደተጠነቀቁ፣ እግዜርም ለሱ ራስ እንዲሁ ይጠንቀቅለት። ካርዷ እንደምትለው… አንድም ቀን አይውደቅ።