በሦስተኛው መጥመቂያ የዋሸሁት

ክቡራትና ክቡራን፣

እንዲህ ብዬ ስጀምር ሹፌራችን ጋሼ ፍሬን እንደሚስቁ አውቄ ነበር። ይሳቁ። ንግግር እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለው በክፍል ውስጥ አስተምረውናል፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

በቅድሚያ ሥራ አስኪያጃችንን አመሰግናለሁ። ለሁለት ወር ተኩል የዕረፍት ጊዜ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ወንበር ማውጣት፣ ጠረጴዛውንም ነጭ ጨርቅ ማልበስ አያስፈልግም ነበር። በብርጭቆዬ ያለው የወይን ጭማቂ ብቻ መሆኑን ለእናቴ ሁለት ጊዜ ስላረጋገጡላትም አመሰግናለሁ። እናቴ ሁለቴም ቀምሳ ነው ያመነችው።

ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፤ ስለዚህ ዛሬ እሰናበታችኋለሁ። አመስግኜ ብቻ ብቀመጥ ደስ ባለኝ። ግን ከመሄዴ በፊት መናገር ያለብኝ ነገር አለ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማችሁትም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ የጀመርሽው አዲሷ ቀጂያችን እንዳትቸገሪ ከሥሩ ልጀምር። ጉብኝታችን በአንድ ቀን ሦስት የወይን ጠጅ መጥመቂያዎችን ማሳየት ነው። ሦስቱም ከእሳተ ገሞራው ተራራ ግርጌ ናቸው። መሬቱ ጥቁር አመድ ነው፤ እያንዳንዱ የወይን ግንድ በተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ፣ በግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ከነፋስ ተከልሎ ያድጋል። መጀመሪያ የሚያዩት ሰዎች መቃብር ይመስላቸዋል። ወንድሜ፣ "መቃብር አይደለም፣ አልጋ ነው። ወይናችን ሰነፍ ነው፤ ተኝቶ ነው የሚሠራው" ይላቸው ነበር።

ወንድሜ ስድስት ዓመት አስጎብኚ ነበር። "ራዲዮ" ነበር የምትሉት፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለምና። እኔ በየዕረፍቱ ከኋላው እየተከተልኩ ስመጣ ደግሞ "ባትሪ" አላችሁኝ።

እሱ ሥራውን ሲያስተምረኝ እንዲህ አለኝ፦ "በመጀመሪያው መጥመቂያ አስቃቸው። በሁለተኛው አስተምራቸው። በሦስተኛው አፍህን ዝጋ።" ሦስተኛው፣ በድሮ ጊዜ የቀለጠው ድንጋይ ፈሶ ባለፈበት ዋሻ ውስጥ ያለው ነው። እዚያ እንግዶቹን ጨለማው ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ብርጭቆ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ አንድ ቃል አይናገርም። "ሁለት ቦታ ቀምሶ የመጣ ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንተ ዝም ስትል እሱም ዝም ይላል። ያኔ የሚጠጣውን ያውቃል" ይል ነበር።

"አንተ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ እንዴት ዝም ማለት ቻልክ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ከዚያ በላይ ሐኪም ከልክሎኛል" አለኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታመመ። ኩላሊቱ ነው አሉ። ሆስፒታል ያደረሱት ጋሼ ፍሬን ናቸው፤ በሕይወታቸው ፍሬን ያልያዙት በዚያ ቀን ብቻ ነው ይባላል። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሞተ።

ሥራ አስኪያጃችን የለቅሶው ሰሞን ቤታችን መጥተው፣ "የወንድሙን ቃል ሁሉ በልቡ ይዞታል፤ ቤት ተቀምጦ ከሚተክዝ ይምጣ" ብለው ለመኑልኝ። እናቴም ፈቀደች። እንዲህ ነው የወንድሜን ቦታ የያዝኩት።

አስጎብኚ ሆንኩ እንግዲህ! የወይን ጠጅ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ግን "መጨረሻው ላይ ጨው ጨው ይላል፣ የጭስ ሽታም አለው" እያልኩ አዋቂዎችን አስተማርኩ። አንድ ጎብኚ "አንተ የትኛውን ትመርጣለህ?" ሲሉኝ፣ ሳላመነታ ጣቴን ወደ ዳር ወዳለው ማሰሮ ቀሰርኩ። የቀመሱትን የሚተፉበት ነበር። ሰውዬው በጣም ጨዋ ስለነበሩ "ጥሩ ምርጫ ነው" አሉኝ።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው መጥመቂያ አላስቸገሩኝም። ሦስተኛው ግን አቃተኝ። ዋሻው ውስጥ ዝም ስል ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማኛል፤ ወንድሜ ተደግፎት ይቆም የነበረው በርሜል ይታየኛል። አምስት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጎብኚ ዝምታውን ሰበረው። "ከአንተ በፊት የነበረው አስጎብኚ የት ሄደ? ጓደኛዬ እሱን ፈልግ ብሎኝ ነበር" አለኝ።

"ሞተ" አልኩት።

"ምን ሆኖ?"

"ተራራው ላይ" አልኩ።

አሁንም ድረስ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን ስጠይቅ፣ አፌ ቀደመኝ እላለሁ። አፌ ግን በዚያ አልቆመም። አንድ እንግዳ ከእሳቱ ጉድጓድ አፋፍ ተንሸራተተ፤ ወንድሜ ወርዶ አወጣው፤ ድንጋይ ተናደበት። እኔ እጁን ይዤው ነበር፤ እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ ሞተ። እንዲህ አልኩ። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ሽማግሌ አቅፈውኝ ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

እናንተም አቅፋችሁኝ ነበር እኮ። ግን እናንተ እውነቱን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ከእጃችሁ እየሾለኩ እሸሽ ነበር። እኚያ ሽማግሌ ምንም አያውቁም። ለዚህ ነው ያለቀስኩት፤ ለዚህ ነው በማግስቱም የደገምኩት።

ጋሼ ፍሬን ከዋሻው በር ሆነው ይሰሙኝ ነበር። አንድ ቀን ወደ መኪናው ስመለስ፣

"ባትሪ፣ ወንድምህ ዛሬ ስንት ሰው አዳነ?" አሉኝ።

"ሁለት።"

"ትናንት አንድ አልነበረም?"

"አንዷ ሕፃን ነበረች።"

"በዚህ አካሄድህ ትምህርት እስኪከፈት አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ታወጣለህ" አሉና ፊታቸውን አዙረው ንጹሑን መስታወት መወልወል ጀመሩ። ሲቀልዱ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልጅን ሳያዋርዱ "ተው" የሚባለው እንዲያ ነበር። ጋሼ፣ አልሰማሁዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከዚያም የዛሬ ሁለት ሳምንት አንድ ሣጥን መጣ። ወፍራም መነጽር ያደረጉ አንዲት ሴት ዋሻው ውስጥ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ከመካከላችሁ የምታስታውሱ አላችሁ። አገራቸው ገብተው የተቀረጸ እብነ በረድ ላኩ። ሥራ አስኪያጃችን ከእኛ ጋር ስለማይዞሩ የማወራውን አያውቁም ነበር። እናቴ ያን ዕለት የወንድሜን የቢሮ ቁልፍ ልትመልስ መጥታ ኖሮ፣ ሣጥኑን የከፈቱት አብረው ነው። ድንጋዩ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሌሎችን ለማዳን በዚህ ተራራ ላይ ለወደቀው፣ እጁ በታናሽ ወንድሙ እጅ ውስጥ ሳለ ላረፈው አስጎብኚ።"

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አሉ ሥራ አስኪያጃችን። በሩ ላይ ነበርኩ።

እናቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና እንደገና አነበበች። ከዚያ እኔን ሳታይ፣ "እጁን የያዝኩትስ እኔ ነበርኩ" አለች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አልተቆጣችም። ቤትም ስገባ አልተቆጣችም። እራቴን አቀረበችልኝ። ያን ዕለት ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ እውነቱ ይህ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን እናቴ ደውላ፣ "ና ልጄ፣ እየጠራህ ነው" አለችኝ። "ፈተና አለብኝ፤ ነገ እመጣለሁ" አልኳት። ፈተና አልነበረኝም። ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ በረኛ ነበርኩ። ኳስ እንኳ ብዙ አልመጣብኝም። ከሁለት ቀን በፊት ሳየው ፊቱ ተለውጦ፣ ድምፁም ጠፍቶ ነበር። ያንን ደግሜ ማየት ፈራሁ።

የዋሻው መጥመቂያ ባለቤት አባባ፣ "ልጅ ነው፤ ወንድሙን ለማክበር ብሎ ነው" ብለው ተከራክረውልኛል። አባባ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ግን አይደለም። ያንን ታሪክ የሚሰማ ሰው ጀግናው ወንድሜ ይመስለዋል። ልብ ብላችሁ ስሙት። እዚያ ውስጥ በሰዓቱ የተገኘው እኔ ነኝ። ሲጠራኝ የደረስኩት፣ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ያልተነሣችውን እናቴን አስነሥቼ በወንበሯ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሜም ቢሆን ጀግና መሆን መቼ አማረው? ከፍታ የሚፈራ ሰው እኮ ነበር! አምፖል እንኳ የምትቀይረው እናቴ ናት።

ሥራ አስኪያጃችን ድንጋዩ ይሰቀል አይሰቀል የሚለውን ለእኔ ትተውልኛል። አይሰቀልም። ለላኩት ሴት ደብዳቤ ጽፌ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። መልስ አልመጣም፤ ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። በእኔ ምክንያት የዚህን ቤት ሰው ሁሉ ውሸታም ቢሉ ግን ያ ይከብደኛል። ስለዚህ እናንተ እንዳልዋሻችሁ፣ የዋሸሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ለብቻው አድርጌ ጽፌያለሁ።

ትናንት የመጨረሻ ጉብኝቴ ነበር። ዋሻው ውስጥ ለእንግዶቹ፣ "ከእኔ በፊት ወንድሜ ነበር አስጎብኚው። ታሞ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ እናቴ አጠገቡ ሆና ሞተ። እኔ አልነበርኩም" አልኳቸው። ባርኔጣ ያወለቀ የለም። አንዱ፣ "ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?" አለኝ። አሳየሁት።

እንግዲህ ልጨርስ። እያወቃችሁ ሳታሳፍሩኝ የታገሣችሁኝ ሁሉ፣ እኔ በእናንተ ፊት አፍሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ፈጣሪ ተራራውን ያስተኛላችሁ። ወይናችሁን ከበረዶ፣ በርሜላችሁን ከመኮምጠጥ ይጠብቅላችሁ። አዲሷ ቀጂያችን፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፤ ከእኔ የተሻለ አስጎብኚም ይላክልሽ። ጋሼ ፍሬን፣ የልጅ ልጆችዎን ሠርግ በራስዎ መኪና ያጅቡ፤ ሙሽሮቹ ቢያረፍዱም ይድረሱ። ሁላችሁም በጨነቃችሁ ቀን የጠራችሁት ሰው ይድረስላችሁ።

እማዬ፣ ያንን ቀን ለማላውቃቸው ሰዎች አርባ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ካንቺ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አልሰማሁትም። ዛሬ ቤት ስንገባ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ምን እንዳለ፣ እኔን ሲጠራኝ እንዴት ብሎ እንደጠራኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪኝ። ተነሥቼ አልሄድም።