ማለዳ ማለዳ «ጓ!» የሚለው በር

የእህታቸው ልጅ ያን ዕለት ጠዋት ከመንገዱ ማዕዘን ላይ ብቅ ባትል ኖሮ፣ ሾፌሩ ደላላው ዘንድ ደርሰው ነበር፤ አንዲት አራስም ልጇን ታቅፋ ቤት ፍለጋ በየደጁ በተንከራተተች ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ «ሾፌሩ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ከአውቶቡስ መሪ ላይ ተነሥተው ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፤ ስሙ ግን ጡረታ አልወጣም። ልጅቱ ደግሞ ነርስ ናት። ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ፣ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ዓይኗ እየተስለመለመ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር።

«አጎቴ! ደኅና አደሩ? በጠዋት በአራተኛ ማርሽ ወዴት ነው?»

«ደኅና አደርሽ የኔ ልጅ። ወደ ደላላው ነው። ተከራይ ፈልግልኝ ልለው።»

«ዳቦ ጋጋሪው ሊወጣ ነው እንዴ?»

«ላስወጣው ነው። ትናንት ‹ወሩ ሲያልቅ ልቀቁልኝ› ብያቸዋለሁ።»

«ሚስቱ እኮ አራስ ናት!»

«ይህን አጥቼው መሰለሽ? ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ግን እትዬ ተማረሩ። ማለዳ ማለዳ በሩን ጓ አድርጎ እየዘጋ ከእንቅልፋቸው ያባንናቸዋል። እሳቸውን ላስቀይም?»

እትዬ የሾፌሩ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን ስልክ ቤት በኦፐሬተርነት ያሳለፉ፣ አንድ ጊዜ የሰሙትን ድምፅ የማይረሱ፣ ሰውን ሳያዩት በሳሉ የሚለዩ ሴት ናቸው። የሾፌሩ ሚስት በሞተች ጊዜ፣ እሳቸው አውቶቡሱን አስረክበው እስኪመለሱ ድረስ፣ ልጆቻቸውን አብልተው፣ አጥበው ያስተኙ የነበሩት እኚሁ ሴት ናቸው። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ውለታው ግን ከሾፌሩ ልብ አልሄደም። ስለዚህ እትዬ «ተከራይህ አስቸገረኝ» ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ነርሷ ፌስታሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ከዳቦ ጋጋሪው በፊት እኮ አስተማሪዋ ነበረች። እሷንም ለዚሁ በር ነው ያስወጧት።»

«ማለዳ ትወጣ ነበራ።»

«ከእሷ በፊት ደግሞ ባለ ታክሲው።»

«እሱማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር የሚወጣው!»

«እሺ፣ ባለ ታክሲው ወጣ። አስተማሪዋም ወጣች። ‹ጓ!› የሚለው ድምፅ ግን አብሯቸው ወጣ?»

ሾፌሩ ኮታቸውን ማስተካከል ጀመሩ። መልስ ሲያጡ ኮት ማስተካከል ልማዳቸው ነው።

«አጎቴ፣ አንድ ሰው ‹አመመኝ› ብሎ ቢመጣና፣ የቱ ጋ እንደሆነ ሳልጠይቀው፣ ሳልዳስሰው መርፌ ብወጋው ምን ይሉኛል?»

«ከሥራ ነው የሚያባርሩሽ።»

«እርስዎን ማን ያባርር?»

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርትሽን በእኔ ላይ አታሳዪኝ! እኔም ጠይቄያለሁ። ዳቦ ጋጋሪውን ጠርቼ ‹ጎረቤት ቅር ብሎታል፤ ተጠንቀቅ› ብለው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ይቅርታ ጋሼ›። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ይላል?»

«ቅር ያለው ማን እንደሆነ ነገሩት?»

«ስም ጠርቼ ሰውና ሰው ላጣላ? በፍጹም!»

«በምን ቅር እንዳለውስ?»

«ነገር መዘርዘር ምን ይሠራል? ጨዋ ሰው በጥቅሻ ይገባዋል።»

«አጎቴ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው። ሰውየው አራስ ሚስት አለችው። ‹ትናንት ዝናቡን ያዘነብከው አንተ ነህ› ቢሉትም እኮ ‹ይቅርታ ጋሼ› ነው የሚልዎት። ያ ፍርሃት ነው እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም።»

የሾፌሩ አካሄድ የብዙ አከራይ አካሄድ ስለሆነ፣ በእሳቸው ብቻ መሳቅ አይገባም። ቅሬታ ሲመጣላቸው ለማን እንደሚያደሉ እንጂ እውነቱን እንዴት እንደሚያጣሩ አያስቡም። ከሳሹን ከደጅ ይሰሙታል፣ ተከሳሹን ከደጅ ያስጠነቅቁታል፤ ሁለቱን ሳያገናኙ ዳኝነቱን ጨርሰው ይገባሉ። ይህንንም ሰላም ማስፈን ይሉታል።

ነርሷ የአጎቷን ክንድ ያዘች። «እንግዲህ ደላላው የትም አይሄድ። እንቅልፌን ልተወውና እትዬ ዘንድ አብረን እንሂድ። የሚሰሙትን ቁጭ ብለን እንስማው። ዳቦ ጋጋሪው ሆኖ ከተገኘ፣ ደላላው ጋ እኔው ራሴ አደርስዎታለሁ።»

ሾፌሩ የተስማሙት አምነው አልነበረም። የአራሷ ነገር ሌሊቱን ሲያገላብጣቸው ስላደረ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን ማዘግየቱን ስለወደዱት ነው።

እትዬ ሁለቱን በደስታ ተቀብለው ሻይ ጣዱ። ክፍላቸው ጠባብ ናት። አልጋቸው ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ከግድግዳው ማዶ የዳቦ ጋጋሪው ክፍል አለ። ከራስጌያቸው ያለችው መስኮት ደግሞ ከሾፌሩ የብረት በር አጠገብ ናት።

«እማማ፣ ድምፁ እንዴት ያለ ነው?» አለች ነርሷ።

«ጓ! ነዋ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እንቅልፍ የሚባል የለም። እኔ ሰው ላይ ክፉ አልመኝም፤ ግን ልቤ ቀጥ ልትል ነው የምትደርሰው።»

«አዩ አጎቴ፣ ይህን ዛሬ ገና መስማትዎ ነው።»

ረፋዱ ላይ ነርሷ በመስኮቱ አሻግራ አየችና፣ ዱቄት የለበሰው ዳቦ ጋጋሪ መግባቱን ነገረቻቸው። ጆሮ ያላቸው እትዬ መግባቱን አልሰሙም ነበር። ልጅቱ ወጥታ፣ ማለዳ እንደሚያደርገው ተመልሶ እንዲወጣ ለመነችው። ሽማግሌዎቹም እስኪወጣ ድረስ ሻያቸውን አስቀምጠው ይጠባበቁ ጀመር።

መጀመሪያ ቧንቧ ተከፈተ። «ይህ አይደለም» አሉ እትዬ። ቀጥሎ ሕፃኑ አለቀሰ። «ይህማ ሕፃን ነው፤ ያልቅስ እንጂ!» ከዚያ ዝም፣ ዝም ሆነ።

«ምነው፣ አይወጣም እንዴ?» አሉ እትዬ ትዕግሥታቸው አልቆ።

ነርሷ ከውጭ በኩል በመስኮቱ ብቅ አለች። «ወጥቷል እማማ! መንገድ ላይ ቆሟል!»

ከጎኗ ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በካልሲ ቆሟል። ሕፃኑ እንዳይነቃ፣ ጎረቤትም እንዳይቀየም፣ በሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ገርበብ ያደርገዋል እንጂ ከነጭራሹ አይዘጋውም። ሾፌሩ ካልሲውን አይተው ዓይናቸውን ወደ ሻዩ መለሱ።

«አጎቴ፣ እርስዎም ማለዳ ይወጡ የለ?»

«የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ሲነሡ ለማየት ነው። የዕድሜ ልክ ልማዴ ነው።»

«እንግዲያው ይምጡና እርስዎም ይውጡ።»

«እኔ? እኔ እኮ አከራዩ ነኝ!»

«በሩ ይህን አያውቅም።»

ሾፌሩ እያጉረመረሙ ግቢያቸው ገቡ። ያ በር፣ ባለ ታክሲው በተከራየበት ዘመን መቆለፊያው ከተጣመመ ወዲህ፣ በእጅ ሲገፉት እሺ አይልም። ሾፌሩ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእልኸኛ የአውቶቡስ በር ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከፈቱት፤ ወጡ፤ ሳያስቡትም እንደ ዘወትሩ ጀርባቸውን ሰጥተው በተረከዛቸው አቀመሱት።

ጓ!

«ይኸው! እሱ ነው!» የሚል ጩኸት ከመስኮቱ ወጣ። «ይህ ነው ሰውየው! ያዙልኝ! እንዳያመልጣችሁ!»

ሾፌሩ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ማለዳ ማለዳ ልባቸው አውቶቡሶቹ ዘንድ ቀድሟቸው ስለሚሄድ፣ ይህን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለው ሰምተውት አያውቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። እትዬ አንገታቸውን በመስኮት አስግገው «ሰውየውን» ሲያዩት መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባው አላቆመም።

«ወይኔ! በእኔ ጆሮ ያ ሁሉ ሰው ተባረረ?»

«ጆሮዎ ምን አደረገ?» አሉ ሾፌሩ። «የሰሙትን ነው የነገሩኝ። ማን እንደሆነ ማጣራት የኔ ፈንታ ነበር።»

ግርግሩን የሰማችው የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። ነገሩን ሲያስረዷት ዓይኖቿ ከአንዱ ወደ አንዱ ተንከራተቱ።

«በሩ ነው? በሩ ብቻ ነው?» አለች። «እኛ እኮ ‹ጎረቤት ቅር ብሎታል› ሲሉን የምንተወው ነገር ጠፋን። በጠዋት ልብስ ማጠብ ተውኩ። እሱ ጫማ አድርጎ መሄድ ተወ። አሁንም ቅር ብሏቸዋል ሲባል፣ እንግዲህ ድምፄ ይሆናል ብዬ ልጄን እሹሩሩ ማለቱንም ተውኩ።»

እትዬ ደነገጡ። «እሱን ለምን ተውሽው የኔ ልጅ? እኔ እኮ በእሱ ነበር የምተኛው! ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ እሰማሽ ነበር። ሲቀርብኝ ጊዜ ‹ምነው፣ ልጁ ታሞ ይሆን?› እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ።»

አንዲት ግድግዳ ለያይታቸው፣ አንደኛዋ መስማት ስትናፍቅ ሌላዋ ማዜም ፈርታ ኖራለች። በሁለቱ መካከል ይመላለሱ የነበሩት ሾፌሩ ብቻ ናቸው፤ ሰላም ለማስፈን ብለው ያላገናኟቸውም እሳቸው። ይህ ገባቸው። ኮታቸውን ለማስተካከል እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ተዉት።

«ልጆቼ፣ ቤት አትፈልጉም። ቤታችሁ ይኸው ነው» አሉ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ ደግሞ የፍርሃት ይቅርታ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ከልማድ የተነሣ «ይቅርታ ጋሼ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

በዚያው ዕለት የብየዳ ሠራተኛ ተጠርቶ መቆለፊያውን አቃና። ሾፌሩም ከአሮጌ ጎማ ላይ ቆርጠው፣ በሩ ከብረቱ ጋር የሚላተምበት ቦታ ላይ አለበሱት። ከሰዓት በኋላ ደላላው «የሚለቀቅ ቤት አለ ሲባል ሰማሁ» ብሎ ሲመጣ ያገኛቸው መዶሻ ይዘው ነው። ነርሷ በዚያን ጊዜ የእትዬ አልጋ ላይ ተጋድማ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል፤ አለበለዚያ አጎቷ የተናገሩትን ሰምታ ባላባራ ሳቅ በሳቀች ነበር።

«ስማኝ ወዳጄ» አሉት፣ ነገሩን ሲያስተምሩ የኖሩ ይመስል። «ጎረቤት በተከራይህ ላይ አቤት ሲልህ ጎረቤትህን አታጣጥለው፤ ተከራይህንም አትጩኽበት። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጠይቅ። ሰውየው ከሚሰማበት ቦታ ሄደህ ተቀመጥና አንተም ስማ። ከዚያ ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኛቸው። በል፣ አስበው! እኔ ተከራይ በለወጥኩ ቁጥር ቤቱ ባዶውን ይከርም ነበር፤ እትዬም እንቅልፍ አላገኙም፤ ሰውም በከንቱ ተንከራተተ። አሁን በአንዲት ቁራጭ ጎማ እሳቸው ይተኛሉ፣ እናትየዋ ታዜማለች፣ እኔም ሌሊት አልገላበጥም። አንድ በሽተኛ ‹አመመኝ› ቢልህ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ሳትጠይቅ መርፌ ትወጋዋለህ?»

«እኔ መርፌ አልወጋም፤ ደላላ ነኝ» አለ ሰውየው። «ሁሉም አከራይ እንዲህ ማሰብ ከጀመረ ግን ምን በልቼ ልደር ነው?»

ሾፌሩ ኋላ ባለ ታክሲውንና አስተማሪዋንም ፈልገው ይቅርታ ጠየቁ። አስተማሪዋ አዝናም ስቃም ይቅር አለቻቸው። ባለ ታክሲው ግን አንገቱን አቀርቅሮ፣ ሲገባ መቆለፊያውን በቁም ሣጥኑ ገጭቶ ያጣመመው እሱ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ፈርቶ እንዳልነገራቸው ተናዘዘ። ያን ቀን ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ መዶሻ ያልቅ ነበር።

በሩ በተጠገነ በማግሥቱ ማለዳ ሾፌሩ ወጡ። በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ አድርገው ገፉት፤ ጎማው ተቀበለውና ጸጥ አለ። ከዳቦ ጋጋሪው ክፍል እናትየዋ ልጇን በለሆሳስ እሹሩሩ ስትል ይሰማል። ቆመው ሲያዳምጡ የእትዬ መስኮት ተከፈተ።

«ዛሬ አትወጣም እንዴ?»

«ወጥቻለሁ እኮ እትዬ።»

«አልሰማሁህማ! ቀርተህ፣ ታመህ መስሎኝ ስጨነቅ!»

«አሁን ደግሞ ጸጥታው ቀሰቀሰዎት?»

«አዎን። ከነገ ጀምሮ ስታልፍ መስኮቴን በጣትህ ነካ አድርጋት። መውጣትህን ልወቅና ልተኛ።»

«ድምፁ በዛብኝ ብለው ሌላ ቅሬታ ቢያመጡስ?»

«ቅሬታ ካለኝማ» አሉ እትዬ መስኮቱን እየዘጉ፣ «ለራሱ ለሰውየው ነው የምነግረው።»