በመካከል ያለው ስምንት ወር

በዩኒቨርሲቲው ግቢ «ጋሼ መዝጊያ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው በውል አይታወቅም፤ እሳቸው ግን ስሙን ያውቁታል፣ ደግሞም አይከፋቸውም። የምርምር ጉዳዮች ኃላፊ ሆነው በቆዩባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ገንዘብ ፍለጋ ወደ ቢሯቸው የገባ ሰው ሁሉ ፋይሉን አዘግቶ ስለሚወጣ፣ ስሙ ያለ ቦታው አልዋለም። ክፉ ሰው ናቸው ማለት ግን አይደለም። ባለጉዳይን በትሕትና ይቀበላሉ፣ ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ፣ እንደ አባት ይመክራሉ፤ ከዚያም ይዘጋሉ።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እኚህ ሰው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ወደሚገኝ የጆሮ ክሊኒክ ሄዱ። ወደው አልነበረም። ባለቤታቸው «ካንተ ጋር ከማወራ ከግድግዳው ጋር ባወራ ይቀለኛል» ብለው ሰባት ጊዜ ቢያማርሩ ስድስቱን አልሰሙም፤ ሰባተኛውን ሲሰሙ ነገሩ እውነት መሆኑ ገባቸው። በቦርሳቸው ውስጥ በማግስቱ ለሴኔቱ አስተያየት የሚሰጡበት አንድ ሰነድ ይዘው ነበር። ተራቸው ደርሶ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ወደተለበጠው ጠባብ ክፍል ሲገቡ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ የተቀበለቻቸው ሐኪም መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው መምህርት የነበረች፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሦስት መስመር ደብዳቤ ሥራዋን የለቀቀች ሴት ሆነች። መልቀቂያዋን ተቀብለው የፈረሙት ራሳቸው ነበሩ።

ሁለቱም ለአፍታ ደነገጡ። ግን ሰላምታ ሰላምታ ነውና ተጨባበጡ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያየቁ። እሷ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቁልፏን እንዲጫኑ ነግራቸው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠች። ሽማግሌው ተማሪያቸው ፊት መውደቅ አልፈለጉምና ቁልፏን እንደ ጎበዝ ደጋግመው ይጫኑ ጀመር።

«ጋሼ፣ እስካሁን ድምፅ አልላክሁም» አለች በትሕትና።

እሳቸውም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ በእውነት ተደረገ። ውጤቱ ሲወጣ ቀጭን ድምፆች እየሸሿቸው መሆኑን፣ በተለይ የሴትና የሕፃን ድምፅ እንደሚያስቸግራቸው አስረዳቻቸው። የመስሚያ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋቸው ተስማሙ። የመጡበት ጉዳይ በዚህ አልቆ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንጀታቸው ያልወጣ ጥያቄ ነበራቸውና አልተነሡም።

«ልጄ፣ አንቺ ለምርምር የተፈጠርሽ ነበርሽ» አሉ። «ለምን ጥለሽን ሄድሽ?»

ሐኪሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗ ከቦርሳቸው ብቅ ባለው ሰነድ ላይ አረፈ። ርእሱን ከሩቅ አነበበችው፤ «በሁለት የውጭ ድጋፎች መካከል ለሚገኙ ተመራማሪዎች ስለሚሰጥ የመሸጋገሪያ ገንዘብ» ይላል። ምን ሊያደርጉበት እንዳሰቡ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሳይሸሽጉ ነገ እንደሚጥሉት ነገሯት፤ ምክንያታቸውንም እንደ ጥንቱ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሆነው ዘረዘሩላት። ጥሩ ሥራ ገንዘብ አያጣም። ያለ ውድድር የሚገኝ ገንዘብ ሰውን ያሰንፋል። የተማረ ሰው እንጀራው ባለቀ ቁጥር ወደ እናቱ ጓዳ አይሮጥም፤ ዩኒቨርሲቲም ጓዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ለሽማግሌው ፍርድ ማጉደል አይገባም። እሳቸው በወጣትነታቸው የራሳቸውን ምርምር በገንዘብ እጦት አቋርጠው ነው ወደ ቢሮ የገቡት። ያኔ የደረሰላቸው አልነበረም። ማንም ያልደረሰለት ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ «እኔን ያገኘኝ ሌላውን አያግኘው» ይላል፣ ሌላው «እኔ ችዬው የለም ወይ» ይላል። እሳቸው ሁለተኛው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጥሩ ሥራ ገንዘብ አያጣም ያሉት እውነት ነው» አለች ሐኪሟ። «እኔም አላጣሁም ነበር። ሁለተኛው ድጋፍ ተፈቅዶልኝ ነበር። ያጣሁት በመካከል ያለውን ስምንት ወር ነው።»

«ስምንት ወር ምን አላት? አርፈሽ፣ አንብበሽ መጠበቅ ነበር።»

«እኔ እጠብቃለሁ። ልጆቹ አይጠብቁም።»

ሥራዋን እሳቸውም ያስታውሱታል። ሲወለዱ ታመው ጠንካራ መድኃኒት የተሰጣቸውን ሦስት መቶ ያህል ሕፃናት ትከታተል ነበር፤ መድኃኒቱ ነፍሳቸውን ቢያተርፍም ጆሯቸውን ሊጎዳ ይችላልና፣ ስምንት ዓመት እስኪሞላቸው በየስድስት ወሩ መስማታቸው ይለካል። አምስት ዓመት ተለክተዋል። ልኬቱን የሚሠሩት ሁለት ነርሶች የእያንዳንዱን ልጅ ቤት፣ የእያንዳንዷን እናት ጠባይ ያውቁ ነበር። ለልጆቹም ቅጽል ስም ነበራቸው፤ ዝም በል ሲሉት ዝም የማይለውን አንዱን «ወሬኛው» ይሉት ነበር። ለእናቶቹ ደግሞ አንድ የስልክ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ልጅሽ ጆሮውን ካመመው፣ ጠርተሽው ካልዞረ፣ በዚህ ደውይ ተብለዋል።

የመጀመሪያው ድጋፍ ባለቀ በሳምንቱ የፕሮጀክቱ የሒሳብ ቁጥር ተዘጋ። ቁጥር ከሌለ ደመወዝ የለምና ነርሶቹ ተሰናበቱ። ሐኪሟ ለአንዷ ነርስ ደመወዝ ብቻ እንዲፈቀድ አመልክታ ነበር፤ አልተፈቀደም። ከዚያ ንብረት ክፍል በደንቡ መሠረት መጣና የፕሮጀክቱን ዕቃ ተረከበ። መለኪያው፣ ወንበሩ፣ ሚዛኑ ተመዘገበ። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ የእጅ ስልክ ከነሲም ካርዱ ነበረ። ስልኩ መጋዘን ገባ፤ መስመሩም ተዘጋ።

«ስልኩን እንኳ?» አሉ ሽማግሌው።

«ስልኩን እንኳ። ‹በግል ልያዘው› ብዬ ለምኜ ነበር። የመንግሥት ንብረት በግል አይያዝም ተባልኩ። ቅጹ ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ ግን አልፈርድብዎትም፣ በቀን ስንት ቅጽ ይፈርማሉ።»

ሐኪሟም ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። ያ ሁሉ ወር ሁለተኛው ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቆየ። ሲመጣ አንዷ ነርስ ሌላ ከተማ ሄዳለች፣ አንዷ ሱቅ ከፍታለች። የስልክ ቁጥሩ ለአንድ ጎማ ሻጭ ተሰጥቷል። ከሦስት መቶው ልጆች መቶ ሃያውን እንኳ ማግኘት አልተቻለም። ገንዘቡን የሰጡት ክፍሎችም የተበጠሰ ክትትል ለእኛ አይሆንም ብለው ቀሪውን ወሰዱት።

«ወሬኛው የመጨረሻ ልኬቱ ላይ ትንሽ ቀንሶ ነበር» አለች። «ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ነበረ። በሦስት ወር ውስጥ ደግመን ልናየው ቀጠሮ ነበረው። እናቱ ስልኩን ደጋግማ ደወለች፤ ‹ጥቅም ላይ አልዋለም› ነው የሚላት። ስትጨነቅ ልጁን ይዛ ወደ ግቢ መጣች። ዘበኛው ከቢሮ ወደ ቢሮ መራት። በመጨረሻ የምርምር ኃላፊውን አነጋግሪ ተባለች።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ያቺን ሴት አስታወሷት። ከምሳ በፊት ነበር፣ ልጁም አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር። በጣም ይጮህ ነበር። እሳቸው በፈገግታ «የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» ብለውት፣ እንዳልሰማ ሆኖ መጮሁን ሲቀጥል የአስተዳደግ ጉድለት መስሏቸው ነበር። ለእናቲቱ ፕሮጀክቱ መዘጋቱን በደግ ቃል አስረድተው፣ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት ይከፈት ይሆናል ብለው እስከ በሩ ሸኝተዋታል። ያን ቀን ለባለጉዳይ ጊዜ በመስጠታቸው በራሳቸው ደስ ብሏቸውም ነበር።

«አሁንስ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘለቀ። ሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት አቆሙ። መጀመሪያ ላይ ተደርሶበት ቢሆን በጠብታና በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይድን ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው የለቀቅሁት፣ ጋሼ። እዚህ የመጣ ሰው ቢያንስ በሩን ተዘግቶ አያገኘውም።»

ሽማግሌው ከዚያ ስለ መሸጋገሪያው ገንዘብ የጠየቁት የክርክር ጥያቄ አልነበረም፤ ሰነፍ ቢገባበትስ፣ ማብቂያ ቢያጣስ ብለው እንደ ተማሪ ጠየቁ። እሷም በወረቀት ላይ እያሰመረች አስረዳቻቸው። የሚሰጠው ሥራው ተመዝኖ ላለፈ፣ ለሚቀጥለውም ድጋፍ ላመለከተ ሰው ብቻ ይሁን። ከአንድ ዓመት አይብለጥ። መጀመሪያ ሠራተኛው ይያዝ፣ ዕቃ ይደርሳል፤ ዕቃ ይገዛል፣ የሦስት መቶ እናቶችን ቤት የምታውቅ ነርስ ግን ከገበያ አትገዛም። ምንጩም ዩኒቨርሲቲው ከእያንዳንዱ የውጭ ድጋፍ ለራሱ ከሚያስቀረው ድርሻ ይሁን፤ ተመራማሪው ሲሳካለት መልሶ ይሞላዋል።

በማግስቱ ሴኔቱ ጋሼ መዝጊያ ሊዘጉ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ተነሥተው ከዚህ በፊት ተናግረውት የማያውቁትን ተናገሩ። ጀምሮ የተቋረጠ ምርምር ካልተጀመረ ምርምር ይልቅ እንደሚያከስር፣ የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ወር ደመወዝ ሊድን እንደሚችል፣ የሠለጠነ ሠራተኛ ሳይበተን እንደሚቆይ፣ ያልተቋረጠ ሥራም ቀጣዩን ድጋፍ ራሱ እንደሚስብ አስረዱ። ከሁሉ በላይ ግን እኛን አምኖ ልጁን ያስመዘገበ ሕዝብ በሩን ተዘግቶ ማግኘት የለበትም አሉ። ዋናው ሒሳብ ሹም ቀልደው «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?» ሲሏቸው፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኝ» ብለው ተቀመጡ። ደንቡ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ሁለት ምርምሮች ከመቋረጥ ዳኑ።

ሽማግሌው ወሬውን ይዘው ክሊኒኩ ሄዱ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲውም እንድትመለስ ለመኗት። ሐኪሟ ደስታዋን ገልጻ እምቢ አለች። ትከታተላቸው የነበሩት ልጆች አድገዋል፤ ልጅ ሁለት ጊዜ ስድስት ዓመት አይሞላውም። ሌላ አንድ ነገር ጠየቋት፤ የወሬኛውን እናት ማየት ፈለጉ። እናቲቱን አስፈቅዳ ቤቷን አሳየቻቸው።

እናቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ተቀበለቻቸው፤ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቁልፎችን በየቀለማቸው ይለያል። አንድም ቃል አልተናገረም። ገና ሳይተዋወቁ ለየቻቸው።

«እርስዎን አልረሳሁም» አለች። «ያን ቀን ስድስት ቢሮ ዞርኩ፤ ሳይቆጡ ያናገሩኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ማታ ለልጁ አባት ደግ ሰው አጋጠመኝ ብዬ ነገርኩት።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ስልኩን ያዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

መኪናዋን አቆመች።

«አሁን ተከፍቷል?»

«የእናንተው አልተከፈተም። የሌሎቹ ግን ከእንግዲህ እንዳይዘጋ ደንብ ወጥቷል።»

«ለእሱ ይደርስለታል?» አለች ወደ ልጁ በዓይኗ እያመለከተች።

«አይደርስለትም፣ ልጄ።»

«ለሌሎቹ ግን ይደርሳል?»

«ለሌሎቹ ይደርሳል።»

«እሱም ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ጨርቁ መልሳ አለቀሰች። ልጁ ጀርባውን ሰጥቷት ነበርና ማልቀሷን አላወቀም።