ወናፉን ማን ይይዘዋል?

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ማረሻ ቀጥቃጭ ሽማግሌ፣ “በከተማው ሆስፒታል ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ” ያለቻቸውን ወጣት በጥያቄ አፋጠጧት።

“ሐኪሙ ሆዴን ሲከፍተው ማን ይተነፍስልኛል፣ ልጄ?”

“ማሽኑ ነዋ፣ አባባ። እኔ አጠገብዎ ሆኜ የአየሩን ግፊት እመጥናለሁ።”

“ግፊቱ ቢበዛስ?”

“ሳንባዎን ይጎዳዋል።”

“ቢያንስስ?”

“ሳንባዎ ከሥሩ ተጣብቆ ይቀራል።”

“ወናፍ በይኛ! ሲበረታ ፍሙን ይበትነዋል፣ ሲላላ ብረቱ አይግልም። አርባ ዓመት አናፍቻለሁ።”

“እንግዲያ ሥራዬን ያውቁታል።”

“ስነቃስ?”

“ያኔ ወናፉ የእርስዎ ነው። ስፌቱን እንዲደግፍልዎ ትራስ ሆድዎ ላይ ይዘው በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ያስሉ።”

“ጎረቤቴ ‘ካሳልህ ስፌቱ ይተረተራል’ አለኝ እኮ!”

“ጎረቤትዎ ሆድ ሰፍተው ያውቃሉ?”

“ኧረ ጆንያ እንጂ!”

“ቀጠሮዎ መቼ ነው?”

“ነገ፣ እዚያው እናንተ ጋ። ፈርቼ ወደ ቤቴ እየሸሸሁ ነው። ለመሆኑ ነገ ወናፉን ማን ይይዘዋል?”

“ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ማታ እመለሳለሁ።”

“ሾፌር፣ ወራጅ አለ! ወደ ሆስፒታሌ ልመለስ።”

እኔም ብርድ ይመታኛል ብዬ ከመነሻው የዘጋሁትን መስኮት ቀስ ብዬ ከፈት አድርጌ በረጅሙ ተነፈስሁ።